እህቴ ከመጣች

እሑድ፣ ሜይ 6

ተቀጠርኩ! ተቀጠርኩ፣ ተቀጠርኩ! እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳልል ነው የጀመርኩት... ለራሴ ደግሞ ምን ሰላምታ ያስፈልገኛል? የስልክ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። እኔ ሽታዬ! እስካለፈው ሳምንት ድረስ ዖሜር በሚባል ሰፈር የሰው ሽማግሌ አጥብ የነበርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ሰው ኩፓት ሆሊም፣ ማለት ክሊኒክ፣ ይሄዳል፣ ዶክተሩ በዕብራይስጥ ያወራል፣ ሰውየው አይሰማም። እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያስተረጉም? ወይ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ፣ ወይ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ። እናት ስለ ማሕፀኗ በወንድ ልጇ አፍ ታወራለች... አሁን ግን ዶክተሩ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እኔ ሽኩና ጊሜል ሰፈር ካለው ቢሮ ሆኜ መሃላቸው እገባለሁ። ይኸው ነው። ይህን ለማሰብ ይህን ያህል ዓመት ፈጀባቸው?

መጀመሪያ የደወልኩት ለእቴዬ አልጋነሽ ነው። ታላቄ ናት፣ ሽኩና ቫቭ ነው የምትኖረው። እልልታዋ ጆሮዬን ሊያፈነዳው። "አንቺ ከድሮም አፍሽ አያርፍ፣ ጭራሽ ሊቀጥሩልሽ?" አለችኝ። "ድግሱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አንቺ ቀኑን ቁረጪ ብቻ።"

ባሌ ዘበነ ደግሞ፣ "እስቲ መጀመሪያ ሥራው ይጀመር" አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ደስታ ሲያይ ጃንጥላ የሚፈልግ ሰው።

ደስ ብሎኛል። በጣም። 

ረቡዕ፣ ሜይ 9

ስልጠና። አለቃችን ያኤል ትባላለች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እስክሪብቶዋን የምታሽከረክር። የሰማችሁትን ለባል ለሚስትም አትናገሩም አለች። ምንም አትጨምሩም፣ ምንም አትቀንሱም። ደግሞ "እሷ እንዲህ አለች" ማለት የለም፤ በሽተኛዋ "እኔ" ስትል እኛም "እኔ" ነው የምንል።

ከኔ ጋር የተቀጠረው ማንያዘዋል ነው፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቀልደኛ። "ሴትየዋ እርጉዝ ነኝ ካለችስ?" ብሎ ጠየቀ።

"እርጉዝ ነኝ ትላለህ።"

"ሚስቴ ትገለኛለች።"

ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፣ እጄን አወጣሁ። "ክፉ በሽታ ከሆነስ?" አልኩ። "ዶክተሩ ያለውን ትያለሽ" አለች ያኤል፣ ቀላል ነገር እንደሆነ ሁሉ። ቀላል ነው እንዴ? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ለታማሚው ፊት ለፊት አይነገርም። መጀመሪያ ዘመድ ይሰማል። ዘመድ ይመክራል፣ ቀን ይመርጣል፣ ሰውየው እህል ውሃ መቅመሱን ያያል፣ ዙሪያውን ከቦ ነው የሚነግረው፤ ወይም ጨርሶ አይነግረውም። በስልክ? በማያውቁት ሰው አፍ?

ይህን ሁሉ በዕብራይስጥ መናገር አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ሜይ 14

የመጀመሪያ ቀን። ላብ በላብ። አንድ አባባ የት እንደሚያማቸው ሲጠየቁ፣ "መጀመሪያ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ዶክተሩ "ምን አሉ?" ይላል። ምንም አይጨመር፣ ምንም አይቀነስ... "አንቺ የማን ልጅ ነሽ አሉ" አልኩት። "እንግዲያ መልሺላቸው፣ አለዚያ ዛሬ አንጨርስም" አለኝ። የአባቴንም የአገሬንም ስም ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ጉልበታቸውንም ሽንታቸውንም፣ የሚያስፈራቸውንም ሁሉ ነገሩኝ።

የምችለው ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ሜይ 17

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ሕግ ነው። ግን ለማን ልተንፍሰው?

ረፋድ ላይ ስልኩ ጠራ። ዶክተሯ ከሩሲያ የመጣች ናት፣ ዕብራይስጧ እንደኔው ይደናቀፋል። "ታካሚዋ አጠገቤ ናት፣ የጡት ምርመራ ውጤት ነው" አለችኝ። እኔም እንደተማርነው፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚሉት ሁሉ ከዚህ አይወጣም" አልኩ።

ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ከዚያ፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ እመቤቴ።"

እቴዬ! የእቴዬ ድምፅ... ጀርባዋ ላይ አዝላ እሹሩሩ ያለችኝ ድምፅ። አወቀችኝ? እንዴት አታውቀኝም! ግን "እመቤቴ" አለችኝ። እኔም "እርስዎ" አልኳት። እህቴን "እርስዎ"!

ልጇ ናዳቭ ወታደር ሳይሆን በፊት እሱ ነበር ይዟት የሚሄደው። ለካ ብቻዋን ነው የምትመላለሰው።

ዶክተሯ ቀጠለች። ፎቶው ላይ ያየችው ነገር ቅርጹ አላማራትም። ሳርታን እንዳይሆን ትፈራለች። ቁራጭ ወስዶ መመርመር አለበት፣ በቶሎ። ሳርታን... ካንሰር።

እኔስ ምን አልኩ? "ዶክተሯ ትንሽ እብጠት ነገር አይታለች፣ ለማጣራት በመርፌ ይወሰዳል" አልኩ። ቃሉን ዋጥኩት። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

"ገብቷታል?"

"እሺ" አለች እቴዬ።

"ሜይ 29 ትመጣለች?"

"እሺ፣ እሺ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ዶክተሯ ደስ ብሏት ዘጋች። እኔ ግን ያንን እሺታ አውቀዋለሁ። ዶክተርን ያህል ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። እሺ ተብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ቤት ይቀራል። እናታችን ዶክተሩን ሁሉ እሺ እያለች ነው የሞተችብን።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ማንያዘዋል በር ላይ ጠብቆ "ዓይንሽ ምን ሆነ?" አለኝ።

"ሽንኩርት።"

"ቢሮ ውስጥ?"

እሑድ፣ ሜይ 20

ትናንት ሻባትን እሷ ቤት ዋልን። ትስቃለች፣ ታጎርሳለች። ዓይኔ ደረቷ ላይ ያርፋል፣ አነሳዋለሁ፣ ተመልሶ ያርፋል።

"ሥራ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

"ሰው ብዙ ይደውላል አሉ።"

"ይደውላል።"

"ምን ይላሉ?"

"አይነገርም፣ እቴዬ።"

"ጎበዝ። አይነገርም።" ተጨማሪ ወጥ አወጣችልኝ። "ድግሱስ? ቀን ቁረጪ እንጂ።"

"ዘበነ ሥራ በዝቶበት ነው።"

"እኔ?" አለ ዘበነ።

"አንተ ዝም ብለህ ብላ" አልኩት።

ስንወጣ በር ላይ ከወትሮው ቆየት አድርጋ አቀፈችኝ። ወይስ እኔ ነኝ የቆየሁት? በእኔ በኩል ያለውን ጡቷን እንዳልነካ ተጠነቀቅኩ። የትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም...

ትንሽ እብጠት ብያታለሁ። ለትንሽ እብጠት ማን ሥራ ፈቶ ሆስፒታል ይሄዳል? በእኔ ምክንያት ብትቀርስ? በእኔ ምክንያት...

ማክሰኞ፣ ሜይ 29

ዛሬ ነው ቀጠሮዋ። በእረፍቴ ቤቷ ደወልኩ። አነሳች። ድምፄን ሳላሰማ ዘጋሁ።

ቤቷ ናት።

ረቡዕ፣ ሜይ 30

እንቅልፍ የለም። ያኤል ዘንድ ገባሁ። ስም አልጠራሁም። "የማውቃት ታካሚ መጣችብኝ፣ ሳስተረጉምላትም አንድ ቃል አስቀርቻለሁ" አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ነው የገባሁት። እስክሪብቶዋ ቆመ።

"ለምን አስቀረሽው?"

ያን ቀን ያልቻልኩትን ዕብራይስጥ ፍርሃት አመጣልኝ መሰለኝ፣ ሁሉንም አፈሰስኩት። ዘመድ መጀመሪያ እንደሚሰማ። እሺ ተብሎ እንደሚቀር። ያኤል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለዶክተሩ ይሄንንስ ማስረዳት ትችያለሽ" አለች። "ግን በግልጽ፣ ሁለቱም እየሰሙ፣ ይህ የአስተርጓሚዋ ንግግር ነው ብለሽ። መደበቅ አትችይም። አሁን ይህችን ታካሚ ለማንያዘዋል እንስጣት።"

ለማንያዘዋል? እቴዬ ለወንድ ስለ ጡቷ? ከዚያ ሞትን ትመርጣለች። "አይሆንም፣ ለወንድ አትናገርም" አልኩ።

ከእኔ ሌላ ሴት አስተርጓሚ ስለሌላት ያኤል ተወችልኝ። ግን ቃሉን አስተካክዬ ካልተናገርኩ ሥራውም እንዳበቃ ነገረችኝ። ተስማማሁ። አሁን ደግሞ ስልኩ በጠራ ቁጥር ሁለቴ ሳይጮህ አነሳዋለሁ።

እሑድ፣ ጁን 3

ሳይበርድ ልጻፈው።

ዶክተሯ እቴዬን ቤቷ ደውላ አስጠርታታለች። በእኔ መስመር ገቡ። "ለምን አልመጣሽም?" አለች ዶክተሯ። አስተረጎምኩ።

"እሺ፣ እመጣለሁ" አለች እቴዬ። ያው እሺ!

 በሁለቱም ቋንቋ፣ "ይህ የአስተርጓሚዋ ንግግር ነው" አልኩ። ለዶክተሯ፣ "ገባሽ ወይ አትበያት። እሺ የምትልሽ ስለምታከብርሽ ነው። ምን ልታደርግ እንዳሰበች ራሷ ትንገርሽ" አልኳት። ከዚያ ወደ እቴዬ። "እመቤቴ፣ ባለፈው አስተርጓሚዋ አንድ ቃል አስቀርታለች። ዶክተሯ ያለችው ካንሰር ሊሆን ይችላል ነው።"

ወጣ። ከአፌ ወጣ። በስልክ፣ ማንም ሳይከባት፣ ቁርስ መብላቷን እንኳ ሳላውቅ።

 ከዚያ እቴዬ፣ "አውቃለሁ፣ እመቤቴ" አለች። "ዕብራይስጥ ባልማርም ሳርታን የሚባለውን የማያውቅ ማን አለ? ያኔውኑ ሰምቼዋለሁ። ዝም ያልኩት አስተርጓሚዋ እንዳትደነግጥ ነው።"

አስተርጉሚ ሽታዬ፣ አስተርጉሚ! አስተረጎምኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

"እና ለምን ቀረች?" አለች ዶክተሯ። "ምን ልታደርግ አስባለች?"

"ብቻዬን አልችልም" አለች እቴዬ። "ልጄ ወታደር ነው፣ ጠመንጃ ይዞ ሐሳብ አላሸክመውም። አንዲት እህት አለችኝ። እሷ ደግሞ ገና አሁን ሥራ አግኝታ ደስ ብሏት ነበር፣ ደስታዋን በምን አንጀቴ ላበላሽባት? እህቴ ከመጣች እመጣለሁ።"

"እኔ" ነው የምንል። እንደተማርነው። "እህቴ ከመጣች እመጣለሁ" አልኩ በዕብራይስጥ። ከዚያ ሳልተነፍስ፣ "ትመጣለች" አልኩ።

"ማን ነው አሁን የተናገረው?" አለች ዶክተሯ። "ታካሚዋ ናት?"

"አይደለም ዶክተር። አስተርጓሚዋ ናት። እህቷ ትመጣለች።"

እቴዬ በመስመሩ ወዲያ ጫፍ ስትስቅ ሰማኋት። ወይም ስታለቅስ። አንድ ዓይነት ነው ድምፃቸው።

ሐሙስ፣ ጁን 7

አብረን ሄድን። መርፌው ሲገባ እጄን ጨመቀችው፣ ጣቶቼ እስካሁን ቀይ ናቸው። ውጭ ስንወጣ "እመቤቴ" አለችኝ፣ "እርስዎ" አልኳት፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመን ሰው እስኪያየን ሳቅን።

ውጤቱ ገና ነው። እፈራለሁ።

ሰኞ፣ ጁን 18

ነው። ካንሰር ነው።

ትንሽ ነው አለች ዶክተሯ፣ በጊዜ ነው የተገኘው፣ ይወጣል፣ ከዚያ ጨረር። ዛሬ እኔ አላስተረጎምኩም። እህቴ መሆኗን ስነግራት ያኤል አልፈቀደችም፣ እህት አጠገቧ ትቀመጥ፣ አፍ ሌላ ይሁን አለች። ስለዚህ ከስልኩ ውስጥ የወጣው የማንያዘዋል ድምፅ ነበር። እቴዬ መጀመሪያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣለች። ሰውየው ግን እንዴት ያለ ነው! ቀስ ብሎ፣ አክብሮ። "እማማ፣ እኔ አላይዎትም፣ አላውቅዎትም፣ ድምፅ ብቻ ነኝ" አላት። ዘና አለች። እያንዳንዷን ቃል ነገራት፣ አንድም አላስቀረም። እኔ ያልቻልኩትን።

"ጡቴ ሙሉውን ይቆረጣል ወይ?" ብላ ጠየቀች። በዚያ ወፍራም የወንድ ድምፁ በዕብራይስጥ "ጡቴ ሙሉውን ይቆረጣል ወይ?" አለ። ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ። እቴዬ ወደ እኔ ዞራ፣ "ምስኪን፣ እሱም አሞታል" አለች።

አይቆረጥም። ክፋዩ ብቻ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ቆመች። አጥር ላይ ተቀመጥን። "ለናዳቭ ማን ይነግረዋል?" አለች። አብረን እንነግረዋለን አልኩ። እህል ከበላ በኋላ፣ ከበነው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 10

ኦፕራሲዮን። አምላኬ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም።

...ወጣች። ዓይኗን ገልጣ "ድግሱስ?" አለችኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

ጨረሩ አልቋል። ዶክተሯ አሁን የሚታይ ነገር የለም፣ እየመጣሽ ትታያለሽ አለች። እየመጣሽ... ፍርሃቱ እንግዲህ አብሮን ይኖራል ማለት ነው። ይኑር። አሁን ሁለት ሆነን ነው የምንፈራው።

ቢሮ ውስጥ አዲስ ሠራተኞች ገብተዋል፣ ሴቶች። ያኤል ለእነሱም ለዶክተሮቹም በሰጠችው ስልጠና ላይ እኔን እንድናገር አቆመችኝ፣ የአፌን ነገር ታውቃለች፣ ማንም አላስቆመኝም። ዛሬም አንድ ዶክተር በስልኩ፣ "ገባዎት?" ሊል ጀመረና ተወው። "እማማ፣ እንግዲህ ቤት ሲገቡ ምን ያደርጋሉ?" አላቸው። እማማ ሳቅ አሉ። ከዚያ "መድኃኒቱን ልጥለው ነበር" አሉ። እንዲያው ዘልዬ ላቅፋቸው! በስልክ አይታቀፍም እንጂ።

ማታ ወደ እቴዬ ደወልኩ። "ቀን ቆርጫለሁ" አልኳት።

"የማን ድግስ ነው፣ ያንቺ የሥራሽ ወይስ የኔ የመዳኔ?"

"የሁለታችንም።"

"እንግዲያ ድምፁን ጥሪልኝ፣ ያን በጡቱ የታመመውን።"

ማንያዘዋል ከነሚስቱ ይመጣል። ያኤል ትመጣለች፣ ዶክተሯም እሺ ብላለች፤ ቤት ሲገቡ ምን ያደርጋሉ ብዬ አረጋግጫለሁ። ናዳቭ ፈቃድ ጠይቋል። ዘበነ ወንበር ሊሸከም ነው፣ "ዝናብ ቢመጣስ?" ይላል። ይምጣ! ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9፣ ሽኩና ቫቭ፣ እቴዬ ግቢ፣ ከሥራ መልስ። ማንም እንዳይቀር።