ኮቴን አትንኪ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ብዕሩን የያዘችው ባለቤቴ ናት። እጁ የሷ፣ ቃሉ የኔ። እኔ ያላልኩትን አንዲት ፊደል እንዳትጨምር ተስማምተናል። ተስማምተናል አይደል?... ራሷን ነቀነቀች። ነቀነቀች ብለሽ ጻፊው።

መጻፍ አልችልም። ማንበብም አልችልም። ይኼ የኔና የሷ ነው፤ ሌላ ሰው አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ሃምሳ ዓመት ቦክስ ውስጥ ኖሬአለሁ። አሥሩን እየተማታሁ፣ የቀረውን እያስተማርኩ። እስከ ዛሬ ፊደል ቁጠር ብሎ የመጣብኝ ቡጢ የለም።

ዛሬ ጠዋት ከፌዴሬሽኑ ተደወለ። ነገ በሚጀመረው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ሻምፒዮና ስድስት የኛ ልጆች አሉ። ከስድስቱ ሁለቱ አዳሪው የቦክስ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ማን እንደሚገባ የምገመግመው እኔ ነኝ። «እርስዎ ከሌሉማ አይሆንም» አለኝ ጸሐፊው። እውነቱን ነው።

ጥቁሩን ኮት አወረድኩ። ይኼን በደንብ ጻፊው፣ የኔ አሠራር ነው። የደረት ኪሴን በአዝራር እሞላለሁ፣ ከባለቤቴ የአዝራር ጣሳ። ቀይ ማዕዘን ያለው ልጅ የጠራ ቡጢ ሲያሳርፍ አንድ አዝራር ወደ ቀኝ ኪስ። ሰማያዊው ሲያሳርፍ አንድ አዝራር ወደ ግራ ኪስ። ዙሩ ሲያልቅ እጄን ኪሴ ከትቼ በጣቴ እቆጥራለሁ። ማንም አያይም። ሽማግሌው እጁ በርዶት ነው ይላሉ። ይበሉ!

«እስቲ ገበሩን ልየው፣ ሳስቷል» አለች።

«ኮቴን አትንኪ።»

«ልየው ነው ያልኩህ አንተ ሰውዬ፣ ልብላው አላልኩም።»

በዚህ ኮት ሰባት ሻምፒዮን አውጥቻለሁ። መርፌ አይነካውም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አዳራሹ ሞልቷል። የስንት አገር ልጅ... አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድብልብል፣ ሁሉም ጥርሱ ላይ ላስቲክ ነክሶ። ወንበር ሰጡኝ፣ ሪንጉ ሥር። ጥሩ ቦታ ነው። እኔ እጅ አላይም መጀመሪያ፤ እግር ነው የማየው። እጅ ይዋሻል።

ጸሐፊው መጣ። ከረባቱ እምብርቱን አልፏል። «አባት፣ ይቺን ቅጽ ይሙሉልን» ብሎ ወረቀት ዘረጋ።

«መነጽሬን ረስቻለሁ። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።»

«እሺ፣ ነገ ይዘው ይምጡ።»

መነጽር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ዝንብ ሪንጉ ማዶ ስታርፍ አያለሁ።

ጉልቤ የሚሉት ልጃችን በቀይ ማዕዘን ገባ። ክንዱ የኔን ጭን ያህላል። ቀኝ ኪሴ ሞላ። አሸነፈ። ንብ የሚሏት ልጅም ቀይ ነበረች። ሳታስቆጥር የወረደችበት ዙር የለም። አሸነፈች።

ከዚያ ሽቦ ገባ፣ በሰማያዊ። ቀጭን ነው። ጓንቱ ከሱ የሚከብድ ይመስላል። እግሩን አየሁት... ወዲያው ጀርባዬ ቀና አለ። ሲረግጥ ድምፅ የለው። ተጋጣሚው የሚመታበት ቦታ ላይ በፊት ነበር፣ አሁን የለም። ያየሁት መሰለኝ፤ እንደዚህ ያለ እግር በሃያ ዓመት አንዴ ነው። ሲመታም የመታ መሰለኝ። ኪሴን ስቆጥር ግን ግራው ስድስት፣ ቀኙ ዘጠኝ። ተሸንፏል ማለት ነው።

ዳኞቹ የሽቦን እጅ አነሱ!

አምስት ዳኛ፣ አሥር ዓይን፣ አንድ የሚያይ የለም? ወይስ የኔ ዓይን አረጀ? አዝራር አይዋሽም። ስድስት ስድስት ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬ የኛ ልጆች አልገጠሙም። የሌላውን አገር ልጅ እየቆጠርኩ እጄን አፍታታሁ። ሰማያዊ ማዕዘን የገባ ሁሉ ዘንድሮ ደካማ ነው። ምን ነክቷቸዋል?

ከፊት ለፊቴ፣ ሪንጉ ምሰሶ ላይ ወረቀት ለጥፈውልኛል። ትልልቅ ፊደል ነው፣ በቀይ። ስሜ መሆን አለበት። ጊዜው ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ አዝራሮቼ እያለቁ ነው ትላለች። «ሙሉ እፍኝ ትወስዳለህ፣ ግማሽ እፍኝ ትመልሳለህ።»

«ምን ላደርጋቸው፣ ልበላቸው?»

«እኔ እንጃ። ስታኝክ ግን አላየሁህም።»

ይቺ የመጨረሻዋ የሷ ናት፣ እኔ አላልኳትም። ትቅር።

አልሰረዘችውም።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሽቦ እንደገና። እንደገና በሰማያዊ። እንደገና አሸናፊ ነው አሉ። ግራ ኪሴ አምስት፣ ቀኝ ኪሴ አሥር!

ቻልኩ ቻልኩ፣ አቃተኝ። ተነሣሁ። የዳኞቹ አለቃ ከውጭ የመጣች ሸበቶ ሴትዮ ናት። አስተርጓሚውን በክንዱ ይዤ ሄድኩ። «ንገርልኝ» አልኩት። «አምስታችሁም ዕውር ናችሁ በላት። ከእናንተ አምስት የበር ጠባቂ ቢቀመጥ ይሻል ነበር በላት።» ልጁ ዋጥ አደረገ። ከዚያ አጠር አድርጎ አንድ ነገር አላት። ሴትዮዋ ተነሥታ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ፈገግ አለች። ገረመኝ። ጥፋቱን አምኖ የሚቀበል ዳኛ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት ጸሐፊው ብዕሩን አውጥቶ ውጤቱን ጠየቀኝ። አንደኛ ንብ፣ ሁለተኛ ጉልቤ አልኩት። ሽቦ ስድስተኛ።

የልጆቻችን አሰልጣኝ አጠገባችን ቆማ ነበር። እኔ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት፣ ባለጌ አይደለችም። ግን ዘለለች። «ጋሼ! ሁለቱንም አሸንፎ? እርስዎ አይደሉም እንዴ እግር እዩ የሚሉን?»

«እግሩን አየሁ። እጁ አያርፍም።»

«ያርፋል ጋሼ።»

«እኔ ቆጥሬአለሁ! አንቺ ቆጥረሻል?»

 ዝርዝሩ ቅዳሜ ከሰዓት ይለጠፋል።

ስወጣ ሽቦ በሩ ጋ ጠበቀኝ። አልተቆጣም። «አባባ፣ ምን ላስተካክል?» አለኝ። አጎቱ ወፍጮ ቤት አለው። ካልተመረጠ ከሰኞ ጀምሮ ጆንያ ይሸከማል፣ ቦክስ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ አይነሣም ተብሏል።

«እጅህን አስተካክል» ብዬው ሄድኩ።

ይኼን ሳስጽፍ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምን ታያለሽ? ጻፊ።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ዛሬ ልጆቹ የሚመዘኑበት ቀን ነው። ሽቦ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል፣ ንብም። ጉልቤ ትናንት ወድቋል፤ እኔ ግን በነጥብ መርጬዋለሁ።

ልጆቹ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ አንዱ «አባባ እስቲ እርስዎም ይመዘኑ» አለ። ሳቁ። እኔ ከማን አንሼ! ኮቴን አወለቅኩና አጠገቤ ለቆመው ሰጠሁ። ሽቦ ነበር። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ሆዴን ሳስገባ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አባባ፣ ኮትዎ ይንኳኳል።»

«ምን?»

«ከታች፣ ገበሩ ውስጥ። ጠጠር ነገር... ብዙ ነው።»

ልጁ ኮቱን ከፍ አድርጎ ነቀነቀው። ቸክ ቸክ ቸክ። አዳራሹ ሁሉ የሰማ መሰለኝ። እጄን ግራ ኪሴ ከተትኩ። ሌባ ጣቴ ገባች። መካከለኛዋም ገባች። ከዚያ እጄ በሙሉ ሄደ፣ እስከ አንጓው።

«መድኃኒት ነው» አልኩት። ኮቴን ነጥቄ ወጣሁ። ኪሎዬን እንኳ አልሰማሁ።

ቤት ስደርስ ምንም ሳልናገር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መቀሷን አመጣች። ገበሩን ስትተረትረው አዝራሩ ወለሉ ላይ ዘነበ። ነጩ፣ ቡናማው፣ የሠርጓ ቀሚስ ሰማያዊ አዝራር ሳይቀር። አርባ ሦስት። ሳቀች። ተቀምጣ ሳቀች፣ ቆማ ሳቀች፣ ግድግዳ ይዛ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። አርባ ሦስት የጠራ ቡጢ። ስንቱ የሽቦ ነው? አይታወቅም፤ የሰማያዊ ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቋል። ልጁ ሲመታ አየሁ፣ በዓይኔ! ዓይኔን ትቼ ኪሴን አመንኩ።

«ሂድና ንገራቸው» አለች።

«ለዚያ ለከረባታሙ?»

«ለከረባታሙ።»

«አዝራር ለምን ትቆጥራለህ ቢሉኝስ?»

«መጻፍ ስለማልችል ትላቸዋለህ።»

አይሆንም አልኩ። ሃምሳ ዓመት ያልወጣ ነገር ዛሬ ከአፌ አይወጣም። ኮቱ ተሰፍቶ ይሰቀል፣ ነገሩ ይረሳ።

ብዕሩን አስቀመጠች። «እንግዲያው ሌላ ጸሐፊ ፈልግ» አለች። እስከዚህ የጻፈችው ነገ ጠዋት እሄዳለሁ ብዬ ከማልኩላት በኋላ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሄድኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ መጣች። ሸሽቼ እንዳልመለስ ነው እንጂ ቦክስ አትወድም።

ጸሐፊው ቢሮ ውስጥ አሰልጣኟ ነበረች። ሸበቶዋ ዳኛም ነበረች፣ ከአስተርጓሚዋ ጋር። ይሁን፣ ሁሉም ይስማ። አዝራሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። ነገርኳቸው። ቀይ ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊ ወደ ግራ፣ ግራው ቀዳዳ።

ከረባታሙ አዝራሩን አየ፣ እኔን አየ። «አባት... ዓይንዎ ደክሞ ከሆነ ችግር የለውም፣ መነጽር...»

«ዓይኔ ደህና ነው! ያረጀው ኪሴ ነው።»

«ታዲያ እንደ ሰው ወረቀት ላይ ለምን አይጽፉትም?»

ይኸው መጣ።  ሪንግ ውስጥ እንኳ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። «መጻፍ አልችልም» አልኩ። «መነጽርም አልረሳሁም። የለኝም።»

ማንም አልሳቀም። ወደ ዳኛዋ ዞርኩ። «ዕውር ያልኳችሁን ይቅር በይኝ በልልኝ» አልኩት አስተርጓሚውን። ልጁ ቀላ። ተንተባተበ። ሴትዮዋ ግራ ገባት፣ ጠየቀችው፣ መለሰላት፣ እንደገና ጠየቀችው። ለካ ሐሙስ ዕለት «ስለ ድካማችሁ ከልብ ያመሰግናል» ብሎ ነው የነገራት! አሁን እውነተኛውን ስትሰማ ሴትዮዋ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። አንድ አዝራር አነሳች። ልውሰደው? አለች በእጇ። ውሰጂው አልኳት።

ጸሐፊው ጭንቅላቱን ያዘ። «ሦስት ቀን ሙሉ ኪስዎን ሲዳብሱ ሲጋራ የሚፈልጉ መስሎኝ... ማጨስ ክልክል ነው የሚል ወረቀት እኮ ፊትዎ ለጥፌ ነበር።»

ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ስሜ መስሎኝ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ይኼ እዚህ ይቅር።

ጸሐፊው ግን ጥሩ ልጅ ነው። ሌላ ወረቀት አወጣ፣ የተናገርኩትን እንዳለ ጻፈው፣ አነበበልኝ፣ ቀለም አቀረበልኝ። አውራ ጣቴን አኖርኩበት። የድሮው ዝርዝር ቀረ። አዲሱ ማክሰኞ ይለጠፋል።

ከሰዓት የሽቦ ግማሽ ፍጻሜ ነበር። በሰማያዊ! ባለቤቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት፣ ብዕርና ወረቀት ይዛ። እኔ «ሰማያዊ!» ስል እሷ አንድ ጭረት። ሁለተኛው ዙር ላይ እኔ ሳልናገር ጫረች።

«ምን ትሠሪያለሽ? እኔ አላልኩም።»

«መታው እኮ! አንተ ስታስነጥስ።»

ሽቦ ተሸነፈ። በአንድ ጭረት። ዳኞቹም እንደዚያው አሉ። ከዳኛ ጋር መስማማት ደስ አይልም፤ አፍን ሥራ ያስፈታል። ግን ያ እግር... እስከ መጨረሻዋ ደወል ድምፅ አልነበረውም።


እሑድ፣ የካቲት 9

ጉልቤን ቤቱ ሄጄ ከዝርዝሩ እንደወጣ ነገርኩት። በሰው አላስነገርኩም። አላናገረኝም። በሩን ግን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አላናግርም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ሰው ተሰብስቧል። ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጊ አላልኳትም። አንደኛ ንብ። ሁለተኛ ሽቦ። ከታች የኔ አውራ ጣት አለች፣ ጥቁር። ማንም ሳያነብልኝ ያወቅኩት እሷን ብቻ ነው።

ሽቦ ከአጎቱ ጋር መጣ። አጎትየው ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። ዝርዝሩን አየ፣ ልጁን አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ ጆንያውን ማን ይሸከምልኝ?» አለ። ከዚያ የልጁን ራስ አሻሸና ዱቄት በዱቄት አደረገው።

«አባባ» አለኝ ሽቦ፣ «እጄንስ? አስተካክል ብለውኝ ነበር።»

«እጅህ ደህና ነበር» አልኩት። «ጥፋቱ የኔ ኪስ ነው።» ልጁ ፊት ይኼን ማለት ከጸሐፊው ቢሮ ይልቅ ከበደኝ። አልኩት ግን።

ፌዴሬሽኑ ለመጪው ውድድርም ጠርቶኛል። ሁለት ወንበር እፈልጋለሁ አልኳቸው። አንዱ የኔ፣ አንዱ የጸሐፊዬ። «ማን ናት ጸሐፊህ?» ትለኛለች አሁን። እያወቀች።

ኮቱ ከጎኗ ተቀምጧል፣ ገበሩ እንደተተረተረ። መርፌና ክሩን አጠገቧ አኖርኩላት። መጀመሪያ ግን ይኼን አንብቢልኝ። ከሰኞው ጀምሪ። ዳኞቹን የሰደብኩበትን አትዝለዪ፣ ስሜ ነው ያልኩበትንም። «ኮቴን አትንኪ» ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ደግሞ ቀስ በዪ፣ ሁለት ጊዜ አንብቢው...

መሳቁን ጨርሺና።