ጠመንጃው የሚያድርበት ቤት

ጠመንጃው ለሸሪፋ ሆነ! እልል በይልኝ እህቴ! ጠመንጃው ሐርቡ ቀረ፣ ሰውዬው ወደ እኔ ኮምቦልቻ መጣ!

ውይ፣ ደስታው ሰላምታውን አስረሳኝ። አሰላሙ ዐለይኪ። እንዴት ከርመሻል? ባልሽ በሺር፣ ልጆችሽ፣ የሆጤ ጎረቤቶችሽስ ደህና ናቸው? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ? እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ጣውንትሽ ጠመንጃ ስታገኝ ምን እልል ያስብልሻል ትዪኝ ይሆናል። ከመጀመሪያው ላውጋሽ።

በጥቅምት ሌባ የጓዳዬን ግድግዳ ሰርስሮ መግባቱን ሰምተሻል። በዚያው ሰሞን ሐርቡ ላይ የሸሪፋን ጎረቤት በሬዎች ነዷቸው። ኑርሁሴን እንደምታውቂው አንድ ቀን እኔ ዘንድ፣ አንድ ቀን እሷ ዘንድ ነው የሚያድረው። እሱ የሌለበት ቤት ጠባቂ የለውም። በኋላ፣ ለቤት የሚሆን ጠመንጃ ልግዛ አለ። ፈቃዱ ግን ለአንድ አባወራ አንድ ብቻ ነው። እኔ በታላቅነቴም በተሰረሰረው ግድግዳዬም የኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሸሪፋም በልቧ ለራሷ ሳትደመድም አልቀረችም።

ሐርቡ አጠገብ ፈንታሁን የሚባል ገበሬ አለ፤ አባቱ ከተዉለት ሁለት ጠመንጃ አንዱን ይሸጣል። ኑርሁሴን «የቤት ጠመንጃ የቤቱ ሴት የምታነሣው መሆን አለበት» ብሎ ሁለታችንንም ይዞን ሄደ። አንደኛው ዲሞትፈር ነው፤ ቢያቆሙት የሸሪፋ ግንባር ይደርሳል። ሌላው ቤልጅግ ነው፤ አጠር ያለ፣ ሰደፉ ቅቤ የተቀባ የሚመስል። ሸሪፋ ቤልጅጉን ስታነግተው ማንገቻው ረዘመባት። ኑርሁሴን ሊያሳጥርላት ጎንበስ አለ። እህቴ፣ አንዲት ዘለበት ለማስተካከል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ፈንታሁን እንኳ «ወንድሜ፣ ጠመንጃ እየገዛህ ነው ወይስ ሙሽራ እየሸለምክ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በጥርሴ ብቻ።

ተቀበልኳትና እንደ ዘነዘና ብድግ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አዋልኩት። ኑርሁሴን «ወላሂ፣ አንቺስ ወንድ ነሽ!» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቤልጅጉ ተገዛ።

ደስታዬ ግን መንገዱን እንኳ አላጋመሰም። ኑርሁሴን ምን ቢል ጥሩ ነው? «በየቀኑ ጠመንጃ ይዤ አውቶቡስ ላይ አልመላለስም። ከተስማማችሁ፣ ጠመንጃው ደፋሯ ዘንድ ይቀመጥና ቤቱን ይጠብቅላት፤ እኔ ፈሪዋ ዘንድ ማደሩን ላብዛ።»

ወዲያው ክንዴ ታመመ! «ውይ ክንዴን፣ ያ ብረት ሰበረኝ መሰል» አልኩ። ሸሪፋም ተኩስ ሳትሰማ ትንቀጠቀጥ ጀመር። «እኔ ጠመንጃ ሲጮህ እወድቃለሁ፤ እትዬ ጀግና ናቸው፣ ለሳቸው ይሁን» ትላለች። ሌላ ጊዜ ሰላምታ የምትነፍገኝ ሴት ዛሬ እትዬ! «ኧረ አንቺ ልጅ እግር ነሽ፣ ዐይንሽ ያነጣጥራል፤ እኔማ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኛል» አልኳት። ጠዋት «ለኔ፣ ለኔ» ስንል የነበርን ሴቶች ከሰዓት «ላንቺ፣ ላንቺ» እየተባባልን የገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ደረስን።

ጸሐፊው እንየው የፈቃዱን ቅጽ አውጥቶ መነጽሩን ፈለገ፤ ቤቱ ረስቶታል። «እኔ ልሙላው» አልኩ። አሥረኛ ክፍል ድረስ በከንቱ አልተማርኩም! ስም፣ ዕድሜ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ቁጥሩ። «መሣሪያው የሚቀመጥበት ቤት» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ሳልል «ሐርቡ፣ ወይዘሮ ሸሪፋ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ መሰለሽ! እንየው ማኅተሙን አሳረፈበት። ሸሪፋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከታተመ በኋላ ሲነበብ ነው የሰማችው። ፊቷን ባየሽው!

ብቻ እንየው ማኅተሙን እየቆለፈ ሌላ ነገር አመጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ የማኅበሩ ዘብ ነው፤ ኑርሁሴንም በየሳምንቱ ሐሙስና ዓርብ ከነመሣሪያው ሐርቡ ይደር አለ። ይሁን። የቀረው ሌሊት ሁሉ የኔ ነው። በነዚያ ሁለት ቀናት ሸሪፋ ባልም ጠመንጃም ይኖራታል። ዘብ ደግሞ የሚያድረው ደጅ ነው። ደጅ ነው አይደል? ማንገቻው አሁንም ረዝሞባት እንደሆነ... ተይው።

ኑርሁሴን «ሐሙስና ዓርብ አትፈሪም?» ቢለኝ፣ «ወንድ ነሽ ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ። የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ መርገነዋል፤ ብርዱ ነው መሰል እስካሁን አልደረቀም። ዘነዘናውንም ከበሩ ኋላ አስደግፌዋለሁ፤ በሩ ስለሚላላ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

እንግዲህ ይህን ደስታ ብቻዬን አልበላውም፤ ዱዓ አዘጋጅቻለሁ። ኑርሁሴን እሱም እንዲገኝ እሑድ ይሁን ብሎ ነበር። የሐድራ ዱዓ ወጉ ሐሙስ ማታ ነው ብዬ እንቢ አልኩ። ሙክት ይታረዳል፣ መንዙማው እስኪነጋ ነው። በሺርንም፣ ልጆቹንም፣ አክስታችን ሳፊያንም ይዘሽ ነይ። ብርድ ልብስ ያዙ። ዓርብንም እዚሁ ናችሁ፤ ቅዳሜ እኔው ራሴ አሳፍራችኋለሁ።

አላህ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አሚን።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ
ኮምቦልቻ፣ ህዳር 7 ቀን 1974 ዓ.ም.

ቀኑን እንዳትረሱ፦ ሐሙስ፣ ህዳር 17። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ።