በስድስት ቁጥር የተሠራች ሴት

ማክሰኞ፣ ህዳር 3። ጠዋት 3፡00

ባለ አራት ቀዳዳዎቹ ወደ ግራ፣ ባለ ሁለቶቹ ወደ ቀኝ። የካፖርት ቁልፍ ለብቻ። ጆንያው ገና ግማሽ ነው። ደብተሬ፣ ዛሬ ያወጣሁሽ ግን ስለ ልብስ ቁልፍ ላወራሽ አይደለም። ማህሌት የቁልፍ መለያ ትሪዬን ቅዳሜ ተውሳኝ ነበር፣ ዛሬ ማለዳ መለሰች። ተከራዬ ናት፣ የጓሮዋን ክፍል የያዘችው። ቀን ቢሮ ትሠራለች፣ ጊዜ ሲተርፋት ታሪክ ትጽፋለች። ትሪው ለምን አስፈለገሽ አልኳት። ዳይስ ልወረውርበት ነው፣ ጠርዝ ስላለው ወለል ላይ አይበተንም አለች።

ዳይስ፣ የቁማር ጠጠር! በእኔ ቤት! አባቴ ዳይስ የነካ እጅ አይጨብጥም ነበር። ፊቴ ሳይለዋወጥ አልቀረም፣ ቶሎ ብላ ብር የለበትም እትዬ አለችኝ፣ ሰው ነው የምንሠራው።

ሰው መሥራት። ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እሁድ ገብቼ አያለሁ።

እሁድ፣ ህዳር 8። ከአስር ሶላት በኋላ

አየሁ። ጉድ ነው። ማህ. (ስሟን ላሳጥረው) እና የቢሮ ጓደኛዋ ናትናኤል፣ በመሃላቸው የእኔ ትሪ። ሦስት ዳይስ አንዴ ይወረወራል፣ ይደመራል፣ ይጻፋል። እንዲህ እያሉ ስድስት ጊዜ፤ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ እውቀት፣ ማስተዋል፣ ግርማ ሞገስ። ትንሹ ቁጥር ሦስት፣ ትልቁ አሥራ ስምንት። ሕጋቸው ሁለት ነው። የወጣው ቁጥር አይቀየርም፣ ድጋሚ ብሎ ነገር የለም። ዝቅ ላለ ቁጥር ደግሞ ምክንያት ይጻፍለታል። ለምን ዝቅ አለ? ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገው?

ናትናኤል ጉልበት 4 ወጣለት። ግርማ ሞገስ 17። እኔ ብሆን ወረቀቱን እቀደው ነበር። እሱ ግን ሰውየውን ተሸካሚ አደረገው! አትክልት ተራ መኪና ሲራገፍ የሚቆም ተሸካሚ። በልጅነቱ ወድቆ ወገቡ ተጎድቷል። በሕይወቱ አንድ ሳጥን ቲማቲም አንስቶ አያውቅም፣ ግን እሱ የሌለ ቀን መኪናው አይራገፍም። ያስቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሌሎቹ ይሸከማሉ። ድርሻውንም እኩል ይሰጡታል፣ አንድም የሚያጉረመርም የለም። ሳቅኩ። ወዲያው ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ለሌለ ሰውዬ።

የማህ. ደግሞ ዳኛ ነው። እውቀት 18፣ ማስተዋል 3። ሕጉን በቃሉ ያወርደዋል፣ ሚስቱ ሦስት ቀን ስታኮርፈው ግን አላወቀም።

መፍጠር አልለውም፣ ፈጣሪ አንድ ነው። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ልብ ወለድ ሳነብ የመጽሐፍ ሰው ከነጉድለቱ እንዴት እንደሚገጣጠም አላውቅም ነበር። ጉድለቱ ነው ሰው የሚያደርገው። እነዚህ ልጆች ከሦስት የፕላስቲክ ጠጠር ይህን አወጡ። አደነቅኳቸው። እውነቴን ነው፣ ቀናሁም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 10። ሱቅ፣ ረፋድ ላይ

ጋሼ ሙዘይን፣ ዚፕ የሚሸጠው ጎረቤቴ፣ ገና መዝጊያዬን ሳልከፍት ጀመረ።

"ሐዋ፣ በስተርጅና ቁማር ቤት ከፈትሽ አሉ!"

ሰው እየሠራን ነው አልኩት። ነገሩን አስረዳሁ። አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

"እኔስ ስንት ነኝ?"

"ጉልበት ሰባት። ወሬ አሥራ ስምንት።"

"ወሬ የሚባል የለም አልሽኝ እኮ!"

"ለእርስዎ ሲባል ይጨመራል ጋሼ።"

ደንበኛው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም። ግን ከዚያ ወዲህ በሱቄ ፊት የሚያልፍ ሁሉ ባለ ስድስት ቁጥር ሆነብኝ። ያቺ ከሶማሌ ተራ የምትመጣው ልብስ ሰፊ፣ ስትናገር የምትንተባተበው፣ ግርማ ሞገሷ ስንት ነው? ቁልፍ ስትመርጥ ያለውን ዓይኗንስ በየትኛው እጽፈዋለሁ? ድሮ ዝም ብዬ ነበር የምሸጥላት። ዛሬ አየኋት።

ዓርብ፣ ህዳር 13። ከጁምዓ በኋላ

ዘይነባ ደወለች። ታናሽ እህቴ፣ ከደሴ ወዲያ እዚያው አገር ቤት የቀረችው። ከልጅ ልጆቿ አንዷን እኔ ጋ አምጥቼ ላስተምር ቃል ገብቼላት ነበር። ለሁለት ቦታ የለኝም ብያታለሁ። አሁን ሀያትም ነጃትም ካልሄድን እያሉ አለቀሱባት። ስለዚህ በሚመጣው ዓርብ ዕጣ ልታወጣላቸው ነው። በሁለት ባቄላ፣ እንደ እኛ ጊዜ። የእኛ ዕጣ በረካ ነበረው አለች፣ አላህ ራሱ ነው አንቺን የመረጠ፣ ለልጆቹም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።

እሺ አልኳት። እሺ!

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ደንበኛ ጥቁር ክር ሦስቴ ጠይቆኝ አልሰማሁትም።

ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሁድ፣ ህዳር 15። ከሰዓት 10፡30

እርስዎም አንድ ሰው ይሥሩ አሉኝ። ዳይስ በእጄ አልይዝም አልኩ። ግን መላ አመጣሁ። ስድስት አንድ ዓይነት የሸሚዝ ቁልፍ፣ ጀርባቸው ላይ ከአንድ እስከ ስድስት በእስክሪብቶ። የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ጨመርኩ። ሳላይ አንዱን አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እንዲህ ሦስት ጊዜ። እኩል ነው፣ ዳይስ ማለት ነው። ናትናኤል አጨበጨበ፣ መርካቶ የሚሠራው አያልቅም አለ።

የመጀመሪያው እውቀት ነበር። እጄን ሰደድኩ። ስድስት። መለስኩ፣ አወጣሁ፣ ስድስት። ደግሞ ስድስት። አሥራ ስምንት! ዘለሉ፣ ማህ. አቀፈችኝ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ልንገርሽ። ስድስት የጻፍኩበት ቁልፍ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሽራፊ አለው። ሠላሳ ዓመት ቁልፍ የለየ ጣት አይሳሳትም። የመጀመሪያው በአጋጣሚ ነበር። ሁለተኛው ላይ ጣቴ አወቀ። ሦስተኛው ላይ እኔም አወቅኩ።

እነሱ ሲያጨበጭቡ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ህዳር 16። ጠዋት 12፡30

ይኸው እጽፈዋለሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር፣ ዘይነባ ዘጠኝ። አጎታችን ከመርካቶ መጣ፣ አንዷን ወስዶ ት/ቤት ሊያስገባ። እናታችን ሁለት ባቄላ ወሰደች፣ አንዱን በጥርሷ ነክሳ ሁለቱንም ማሰሮ ውስጥ ጨመረች። የተነከሰው የደረሳት ትሄዳለች። ታላቅ ስለሆንኩ ቀድሜ እጄን ከተትኩ። አንዱን ነካሁ፣ ለስላሳ ነው። ተውኩት። ሌላውን ነካሁ፣ የጥርሱ ምልክት አለው። እሱን ይዤ ወጣሁ።

ዘይነባ የቀረውን አወጣች፣ አየችው፣ አለቀሰች፣ ከዚያ አቀፈችኝ። እድለኛ ነሽ አለችኝ።

አጎቴ ት/ቤት አላስገባኝም፣ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከካርቶን ጽሑፍና ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፣ በኋላ ባሌ ሰይዴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እያረመኝ። የእጄን አገኘሁ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ግን እኔ በጋዜጣም ቢሆን ደረስኩበት። እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ ተዳረች። ስሟን እንኳ የምትፈርመው በጣት ነው። ለእሷ ደግሞ ይህ ሁሉ የአላህ ምርጫ ነው።

አሁን ያንኑ ባቄላ ለሁለት ሕፃናት ልትጨምር ነው።

ረቡዕ፣ ህዳር 18። ከሥራ መልስ

ለማህ. ተናገርኩ። መጀመሪያ ስለ ቁልፉ ብቻ። ናትናኤልም ነበር፣ "እትዬ፣ እርስዎማ ለይቶልዎት ሌባ ነዎት!" ብሎ በሳቅ ሊሞት። ማህ. አልሳቀችም። ወረቀቴን ቀደደች፣ ዳይሱን አነሳች፣ እኔ እወረውርልዎታለሁ፣ እርስዎ ይጻፉ አለች።

ጉልበት 14። ቅልጥፍና 9። ጽናት 16። እውቀት 5። ማስተዋል 15። ግርማ ሞገስ 11።

ሴት ናት አልኩ። ገጠር ትኖራለች። ጠንካራ ናት፣ አንድ ነገር ተነግሯት አትረሳም፣ ሰው ሲዋሽ ከድምፁ ትለያለች፣ ከአንድ ሰው በቀር። እጄ ሳይቆም ጻፈ። እንዲህ ጽፌ አላውቅም። ስድስት ተራ ቁጥር፣ ግን ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቴ ቁጭ ያለች መሰለኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው ይሄ ጨዋታ!

ቀጥሎ ማህ. በእስክሪብቶዋ 5ቱን ነካች። ምክንያት ይጻፍለት አለች።

"ደደብ ሆና አይደለም። ተራዋን እህቷ ወሰደችባት" ብዬ ጻፍኩ።

ናትናኤል አደነቀ፣ ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል አለ። ማህ. ግን ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ታያለች። እህቷ ማን ናት አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የዓርቡንም ዕጣ። ይመክሩኛል፣ አይዞዎት ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማህ. የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ቀን ቀረ?

ሁለት።

ዓርብ፣ ህዳር 20። ማታ 2፡00

ከጁምዓ በፊት ደወልኩ። ሱቁን ዘግቼ፣ ከውስጥ ቆሜ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኳትም። ዕጣውን አታውጪ፣ የእኛ ዕጣ ዕጣ አልነበረም አልኳት። ባቄላውን ነገርኳት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ስሟን ጠራሁ።

"እናታችን እያየችሽ?"

"እያየችኝ።"

"አቅፌሽ ነበር እኮ ሐዋ።"

"አዎ።"

ልጆቹ ይጠብቁኛል ብላ ዘጋችው።

ጋሼ ሙዘይን በሩን አንኳኳ፣ በጠራራ ፀሐይ ምነው ዘጋሽ እያለ። ከፈትኩለት። ፊቴን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አጣ። በርጩማውን አምጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠና ለመጣው ሁሉ የእኔን ቁልፍ ሲሸጥልኝ ዋለ።

እሁድ፣ ህዳር 22።

ዘይነባ አልደወለችም። ከጓሮ የዳይሱ ኮሽታ ይሰማኛል። አልሄድኩም።

ሰኞ፣ ህዳር 23። ጠዋት 2፡00

ደወለች! መጀመሪያ ሀያት፣ አያቴ ልታናግርሽ ነው ብላ ሰጠቻት። ዕጣውን አላወጣችም። ሁለቱን ልጆች አስቀምጣ ምንም ሳታስቀር ነግራቸዋለች፣ ያደረግኩትን፣ ማሰሮውን፣ ጣቴን። ልጆቹ ምን አሉ አላልኳትም። ድፍረቱ የለኝም።

ይቅር አላልኩሽም አለች። በዝግታ ነው ያለችው፣ ብዙ ጊዜ እንደተለማመደችው። ሐሙስ ከልጆቹ ጋር እመጣለሁ፣ ሦስታችንም። እኔም ፊደል እቆጥራለሁ፣ አስቆጣሪዬ አንቺ ነሽ። ቦታ የለኝም እንዳትዪኝ።

አላልኳትም። ለነገሩ ቦታ የለኝም ማለቴም ሙሉ እውነት አልነበረም። የሰይዴ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ እሱ ከሞተ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ የክፍሉን ግማሽ ይዞ ቆሟል፣ አንድ ጨርቅ ሳይቆረጥበት። ማህ.ንና ናትናኤልን በስልክ ጠራኋቸው። ከሥራ ሲመለሱ ያወጡልኛል። ያቺ ልብስ ሰፊ ትውሰደው፣ ትሠራበታለች።

ሁለት ፍራሽ ያስፈልጋል። አሁን ጭድ ተራ ወርጄ እገዛለሁ።