የማርያም ማኅበርተኞችና የኔ ሽልማት

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ማሸነፌን ለእማዬ መናገር አልነበረብኝም። «የጀማሪ ጸሐፊዎች ሽልማት ነው» አልኳት። ለጌይና ለሌዝቢያን ጸሐፊዎች መሆኑን ዘለልኩት። እሷ ደግሞ ለማርያም ማኅበርተኞቿ ነገረች። አሁን ቫን ተከራይተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ ይዘው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሊመጡ ነው። እዚያ መድረክ ላይ የማነበው እኔ ሴቷ ልጇ አንዲትን ሴት እንዴት እንዳፈቀርኩ ነው። እማዬ እንግሊዝኛው ባይገባት እንኳ ከእነሱ መካከል የሚገባቸው አይጠፉም።

ዛሬ ከሥራ ስገባ የሐበሻ ቀሚሷን ትተኩሳለች።

«የተፈቀደልኝ ለሁለት ሰው ብቻ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነው።

«እኔ ራሴ ለሽልማቱ ሰዎች ኮል አደረግኩላቸው» አለችኝ። «በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ። የፈለግሽውን ያህል ሰው አምጪ አሉኝ። ደግ ሰዎች ናቸው።»

ጃኬቴን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልጅሽ በጣም ደፋር ናት አሉኝ» ብላ ካውያውን አቆመች። «ታሪክ ለመጻፍ ምን ድፍረት ያስፈልጋል?»

«ሰው ፊት ማንበብ ያስፈራል፣ እማዬ።»

«ለሱ ነው እንዴ? እኛ ፊተኛው ወንበር ላይ እንቀመጥልሻለን። ሌላ ሰው አትዪ፤ እኔን እያየሽ አንብቢ።»

እሺ አልኳት።