«አልጠጣሁም» ስትለን

አባዬ፣

ከተለያየን ባለፈው ጥር አራት ዓመት ሞላን። በሕይወትህ ሳለህ ሰው ፊት «አንቱ»፣ ቤት ውስጥ «አንተ» እልህ ነበር። ይህንንም ቤት ውስጥ እንደነገርኩህ ቁጠርልኝ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወችም። የጓሮውን ክፍል ጣሪያ አስለወጥነው። አንተ የሠራኸው የድንጋይ አጥር ባለፈው ክረምት በጎርፍ ግማሹ ተናደ። ሊጠግነው የመጣው ግንበኛ ድንጋዩን እያገላበጠ ካየ በኋላ «ይህን የጠረበው ሰው ሥራ ያውቃል» አለ። ማን እንደጠረበው ነገርኩት። እኔም ያው መሬት አስተዳደር ነኝ፤ የገበሬዎችን የይዞታ ደብተር እመዘግባለሁ።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ያ በሽታህ ስም አለው። እሱን ልነግርህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከጋፋት በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠው የልጆቻቸውን ስም እየነገሩኝ እጽፋለሁ። በድንገት ወረቀቱ ላይ እንደ መስታወት ስባሪ ጠርዝ የሚብረቀረቅ ነገር ታየኝ፤ የጻፍኩት ግማሹ ጠፋ። ቀጥሎ የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ፤ ድንዛዜው በክንዴ አድርጎ ከንፈሬ ላይ ወጣ። እስክሪብቶው ወደቀ። ላነሣው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ይቅርታ» ልላቸው ስል ከአፌ የወጣውን እኔም አላወቅሁትም። ከወንበሬ ስንሸራተት ሽማግሌው ደግፈው ያዙኝና «ኧረ የሰው ያለህ! ልጅቷን ድረሱላት!» ብለው ጮሁ።

ሆስፒታል ስትሮክ ነው ተባለ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ እጄም ምላሴም ተመለሱ። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። አንዱን ወገን ብቻ ለይቶ ይወቅረኝ ነበር፤ ብርሃን አስጠላኝ፣ አስመለሰኝ። በማግስቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ስም አወጣለት። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው ዓይነ ጥላ። እማዬ ጸበል ወሰደችኝ። በየወሩ ተመላለሰብኝ። አምስተኛው ጊዜ ላይ ወደ ባሕር ዳር ጻፉልኝ።

የነርቭ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ራሴን በኤምአርአይ አስነሣኝና ፊልሙን አየው። «ዕጢም የለም፣ የረጋ ደምም የለም» አለኝ። «ማይግሬን የሚባል የራስ ምታት ሕመም ነው። ግን ብዙም የማያጋጥም ዓይነት ነው። ሲነሣ ግማሽ ጎንን ያደክማል፣ አንደበትን ይይዛል፤ ከዚያ ይለቃል። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። ከቤተሰብሽ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?»

«የለም» አልኩት። ሳላቅማማ ነው ያልኩት።

ስመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ቆመ። የገበያ ቀን ስለነበር ከብቱና ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር። አንድ የሰከረ ሰው ሁለት ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ይዘውት እየተንገዳገደ በመስኮቴ ሥር አለፈ። ተሳፋሪው ሳቀ። ያን ጊዜ አንተን አሰብኩህ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስወጣ አንተ ከሥራ ስትመጣ ተገናኘን። ልብስህ ሲሚንቶ ነው። አንድ እግርህን ትጎትታለህ፣ አፍህ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። አየኸኝና ስሜን ልትጠራ ሞከርክ፤ አልወጣልህም። «አል... አልጠ... አልጠጣሁም» አልክ። ሰካራም ነው የምትመስለው። ልጆቹ ሳቁ። አንዷ «ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። ባጠገብህ አለፍኩ።

ኋላ ነገሩ ሁሉ ተያያዘልኝ። የሚነሣብህ ብዙውን ጊዜ በሁዳዴ ነበር፤ ጦመህ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ስትጠርብ ስለምትውል። ሰው ግን «በጾም እንኳ አያርፍም» ይልህ ነበር። ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀርብልህ ስለምትመልስ «ተደብቆ ነው የሚጠጣው» አሉ። ፎርማኑ ከሥራ ያስወጡህ አንድ ቀን መሰላል ላይ ሆነህ ባልዲው ከእጅህ አምልጦ ሰው ሊመታ ሲል ነው። «ስካርህን ቤትህ ጨርስ» ብለው እንዳሰናበቱህ አስታውሳለሁ።

በሳምንቱ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ምስማርና ቀለም የምትገዛበት ሱቅ፤ ያን ቀን ትቼህ ስሄድ ዞር ብዬ ስትገባ ያየሁበት። ሸምግለዋል፤ አያውቁኝም ብዬ ሳስብ ያንተን ስም ጠርተው ሳሙኝ።

«ያን እየተንገዳገደ ሱቅዎ የገባ ቀን አባቴ ጠጥቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የለም፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እኮ ነኝ ደግፌ አስገብቼ ጆንያ ላይ ያስተኛሁት። ትንፋሹ ትንፋሼ ላይ ነበር። መጠጥ የሚባል አልሸተተኝም። ራሱን ይዞ አቃሰተ፣ አስመለሰው፣ ቆይቶ በእግሩ ሄደ። ያመመው ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

ሒሳብ መሥሪያቸውን ገፋ አድርገው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

እውነት ነው። እኔም አልጠየቅሁህም።

ለእማዬ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ለቀማውን አላቆመችም። «ኪሱ ውስጥ ቅርንፉድ አገኝ ነበር» አለችኝ። «የመጠጡን ሽታ ሊያጠፋ ነው የሚያላምጠው ብዬ አስብ ነበር።» ለማቅለሽለሹ እንደነበር አሁን እናውቃለን። ማታ እራት አልበላችም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ተሳስቼ እንደነበር ነገርኩት። ካርዴን ገለጠና «አባት» ብሎ ጻፈ፤ ሥሩን አሰመረበት። ስለ አንተ ብዙ ጠየቀኝ። በስንት ዓመትህ እንደጀመረህ፣ የትኛው ጎንህ እንደሚደክም፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይብህ። ግማሹን መመለስ አልቻልኩም። አባቴን እንደማላውቀው ያን ቀን ተረዳሁ።

የመጀመሪያው መድኃኒት አልተስማማኝም፤ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር። ሁለተኛው ተስማማኝ። እዚህ ደብረ ታቦር መድኃኒቱ ሲጠፋ ከባሕር ዳር አስመጣለሁ። ረኃብ ስለሚቀሰቅሰው በየቀኑ ቁርስ በልቼ እወጣለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ሁዳዴን ከጠዋት ጀምሮ እንድበላ ፈቀዱልኝ፤ «የታመመ ሰው ጾሙ ሌላ ነው» አሉኝ። አልዳንኩም። ሐኪሙም እንደማያድነኝ ነግሮኛል። ግን በየወሩ ይመላለስ የነበረው ዘንድሮ ሁለቴ ብቻ ነው የመጣው። ሲመጣም ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልፈራም፤ የቢሮ ጓደኞቼ መጋረጃ ዘግተው ያስተኙኛል፣ እስኪለቀኝ ይጠብቃሉ። ላንተ ይህን ያደረገልህ አንድ ባለሱቅ ብቻ ነው።

የዘንድሮውን ሙት ዓመትህን ቤት ውስጥ ዘከርንልህ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሰው መብላት ሲጀምር እማዬ ተነሣች። ወንዶች በተሰበሰቡበት ቆማ ስትናገር አይቻት አላውቅም። ፎርማንህም አንድ ጥግ ተቀምጠው ነበር።

«ባለቤቴ ሰካራም አልነበረም» አለች። «በሽተኛ ነበር። ይኸው ልጁም ታመመችና ሐኪም ነገረን። እሱ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ነግሮኛል። አላመንኩትም።»

ከዚያ ተቀመጠች። ፎርማኑ የያዙትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉ፤ ልክ ትናንት እንደሞትክ አድርገው። አልተቀየምኳቸውም። እኔ ልጅህ ያላወቅሁትን እሳቸው ከየት ያውቁታል?

አባዬ፣ አልረሳህም። ድንጋይ ስትጠርብ አስታውስሃለሁ፤ እኛን ስታሳቅ፣ ደክመህ ስትመጣም አስታውስሃለሁ። ደስ የሚለውን ብቻ መርጬ ግን አላስታውስህም። አንተ ስሜን ልትጠራ ስትታገል እኔ ባጠገብህ ማለፌንም እስክሞት አስታውሰዋለሁ።

ልጅህ የሺ