ሰባተኛው ላይ አራት ነው የመታሁት

አርብ፣ ኤፕሪል 12፣ 1996። ከጠዋቱ 1፡40

ሱብሂ ሰግጄ ቀጥታ ወደ ሜዳ። ሣሩ ላይ አመዳይ። እጄ ደንዝዟል፣ ጆሮዬ ያለም አይመስለኝ። ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻዬን፣ 35 ምት። አልሐምዱሊላህ። አሁን ቫኑ ውስጥ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ከሆቴል የማነሳው 2፡15 ላይ ነው፣ ጊዜ አለኝ።

አንተ ደብተር፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሰው እንዳታወራ። ሜዳው ላይ ኳስ የሚሸጠው ሰውዬ ፎርም ሰጠኝ። የአሜሪካ ኦፕን ፎርም። እየሳቀ ነው የሰጠኝ። እኔ አልሳቅኩም። የአገሩ ትልቁ የጎልፍ ውድድር ኦፕን የተባለው ለጌጥ አይደለም፣ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ሃንዲካፕህ ዝቅ ካለ፣ ማለትም በደንብ የምትመታ ከሆንክ፣ ማንም ሁን ማን ትመዘገባለህ። የመጀመሪያው ማጣሪያ እዚሁ ዴንቨር፣ ሜይ 13፣ ሰኞ። ጥቂቱ ያልፋል፣ ሌላው ወደ ቤቱ።

የኔ ሃንዲካፕ አንድ ነው። አዲስ አበባ አስራ አንድ ዓመት የዲፕሎማት የጎልፍ ቦርሳ ተሸክሜ፣ ሰኞ ሰኞ ሜዳው ሲዘጋ በተዋስኩት ዱላ ተጫውቼ ያመጣሁት እጅ ነው። ማን ሰጠኝ? ማንም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16። ከምሽቱ 1፡00

ፎርሙን ሞላሁ። ክለብ የሚል መስመር አለው። ክለብ የለኝም። የከተማውን ሜዳ ስም ጻፍኩ። ሥራ፦ ሾፌር። በትልቁ ነው የጻፍኩት።

ሰሚራ አየችው። ሚስቴ ስትናደድ አትጮህም፣ ሳህን ታጥባለች። የታጠበውን ሁሉ ደግማ አጠበች። ከዚያ በአርባ ሁለት ዓመቴ ከፈረንጅ ጎረምሳ ጋር ኳስ ላባርር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሰኞ የሥራ ቀን መሆኑን አስታወሰችኝ። ሽፍት ቀይሬያለሁ አልኳት። ልጃችን ሃያት፣ አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ፊቷን ከቲቪው ሳታዞር በእንግሊዝኛ ኩል፣ አሪፍ ነው፣ አለች። አንድ ድምፅ አገኘሁ።

ኤርፖርት፣ ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ቦታ፣ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጀማል ፈረንጅ ሆነልን፣ ነጭ ጓንት ሊያጠልቅ ነው፣ ከእንግዲህ ሰላም ይለናል ወይ፣ ምናምን። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ያልሳቁት ጋሽ ተስፋይ ብቻ ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። መቼ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ቦርሳውን እኔ እይዝልሃለሁ አሉ። ምን ቆርጦኝ እርስዎን አሸክማለሁ አልኩ። ፈቃድህን አልጠየቅኩህም ብለውኝ ወደ ታክሲያቸው ሄዱ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 21

ላይብረሪ ዋልኩ። የኦፕኑን ታሪክ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። ሃያት አጠገቤ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ ያላወቅኩትን ቃል እሷን እየጠየቅኩ። ደስ አላት። እኔንም።

ስማ እንግዲህ። ነገሩ ከሆነ ዘንድሮ መቶ ዓመቱ ነው። ኦፕኑ ገና ሁለተኛው ነው። አንድ ወጣት ጥቁር ካዲ፣ እንደኔ ቦርሳ ተሸካሚ፣ ተመዘገበ፣ ከሱም ጋር አንድ የአገሬው ተወላጅ፣ ፈረንጅ ሳይመጣ ከነበሩት። ከባሕር ማዶ የመጡት ተጫዋቾች እነዚህ ከገቡ አንጫወትም ብለው አደሙ። የማኅበሩ ኃላፊ ደግሞ እናንተ ኖራችሁም አልኖራችሁም ሁለቱ ይጫወታሉ አላቸው። አንድም ሰው አልወጣም። ሁሉም ጅራቱን ቆልፎ ተጫወተ። ልጁ በመጀመሪያው ዙር ከመሪዎቹ ተርታ ነበር። በሁለተኛው ዙር አንድ ጉድጓድ ላይ አስራ አንድ መታና ዋንጫው አመለጠው። እዚህ ጋ ስደርስ አንጀቴን በላው፣ ሃያት ምን ሆንክ እስክትለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ክለቡ ሁሉ በሩን በጥቁር ላይ ዘግቷል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። እኔ አላለፍኩም፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የሚስቅብኝ ይሳቅ። ከሜይ 13 ወይ ፍንክች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

81። ነፋስ ነበር። ስለዚህ ቀን አላወራም።

እሑድ፣ ሜይ 12። ከምሽቱ 1፡30

ሰሚራ ሱሪዬን ተኮሰችው። ተኩሺልኝ አላልኳትም። ምንም ሳትለኝ ወንበሩ ላይ አኖረችው።  ፈርቻለሁ። ጻፍኩት፣ አለቀ።

ሰኞ፣ ሜይ 13። ከምሽቱ 12፡30

በቅደም ተከተል ልጻፈው። እርሳሱን ተጭኜ ነው የምጽፈው። ንዴት ነው።

2፡20 ላይ ጀመርን፣ ሦስት ሆነን። አንድ የኮሌጅ ልጅ፣ ሚ/ር ዋልተር፣ እኔ። ሚ/ር ዋ. 63 ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ። ኦፕኑን ሠላሳ አምስት ጊዜ ሞክረው አንድም ጊዜ አላለፉም። እየሄድን አጫወቱኝ። በ1960 ኦፕኑ እዚሁ ዴንቨር ሲደረግ ከገመዱ ውጪ ቆመው አይተዋል። አሸናፊው በመጨረሻው ቀን ሰባት ምት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ በአንድ ምት ኳሷን ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት የተላጨ ሣር ላይ፣ አወጣት፣ ከዚያ ሁሉንም አልፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሚ/ር ዋ. ፎርም መሙላት ጀመሩ፣ እስከ ዛሬ አላቆሙም። ወደድኳቸው። ጥፋቴ እዚህ ይጀምራል።

ጎልፍ ላይ የራስህን ምት አንተ አትመዘግብም። ሌላው ያንተን ይይዛል፣ አንተ የሌላውን። ሲያልቅ ካርድህን አይተህ ትፈርማለህ። የኔን የያዙት ሚ/ር ዋ. ነበሩ።

ተጫወትኩ። ወላሂ ተጫወትኩ። ሰባተኛው ላይ ኳሷ ዛፍ ሥር ገባች። በጎን ወደ ሣሩ አወጣኋት፣ ሦስተኛውን ግሪኑ ጫፍ ላይ አሳረፍኩ፣ ከዚያ ከሩቅ አስገባሁ። አራት። ጋሽ ተስፋይ ቦርሳውን መሬት ጥለው አጨበጨቡ፣ ዳኛው ገላመጣቸው። አስራ ስምንተኛው ሲያልቅ በታክሲ ወረቀታቸው ጀርባ የያዙትን ደመሩ። 71። እጄን ጨበጡኝና አልለቅ አሉ።

ካርድ ወደሚረከቡበት ጠረጴዛ ሄድን። ኃላፊዋ ካርዳችሁን አንድ በአንድ እዩ አለች። የኮሌጁ ልጅ የሱን ከኔ ተቀብሎ ጣቱን እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበ። አንዱን ጠየቀኝ፣ ትክክል ነበር፣ ፈረመ። ምን ዓይነት ድፍረት ነው አልኩ በልቤ፣ የጻፍኩለት ሰው ፊቱ ቁጭ ብዬ።

ሚ/ር ዋ. የኔን ሰጡኝ። ደክሟቸዋል። ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ አሉኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ጎንበስ ብዬ። አሁን ሽማግሌ በሰጠኝ ነገር ላይ፣ ዓይናቸው እያየ፣ ጣቴን ላስኬድ? አላመንኩዎትም ልበል? የሞተው አባቴ የቆመ መሰለኝ። ሳላየው ፈረምኩ።

ሰሌዳው ላይ 72 ተጻፈ። ጋሽ ተስፋይ ናቸው ያዩት። ሰባተኛው ላይ አምስት ይላል። ኃላፊዋ ጋ ሮጥኩ። ሰው ናት፣ አዘነች፣ ግን ሕጉን ነገረችኝ። ከመታኸው ያነሰ ቁጥር ላይ ከፈረምክ ትባረራለህ፣ የበዛ ላይ ከፈረምክ የበዛው ይጸናል። 71 የመቱት በሙሉ አለፉ። 72 የመቱት ቀሩ።

ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14። ከቀኑ 8፡00

ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ። ዛሬ ማንም አልቀለደብኝም። ይኼ ይብሳል። አንዱ መጥቶ ሰውዬው ሆን ብሎ ነው፣ ጠበቃ ያዝ አለኝ። ተወኝ አልኩት። ሚ/ር ዋ. ስተው ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ስሜ አለበት።

ትናንት ራት ላይ ሃያት ለምን አላየኸውም አለችኝ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ አልኳት። በእንግሊዝኛዋ፣ ታዲያ ማየት ያንተ ሥራ አልነበረም ወይ አለች።  ሰሚራ ደግሞ ረጋ ብላ፣ ሰውዬውን ነው ያከበርከው ወይስ ይሉኝታህን አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ኮልፋክስ የሚባለውን ረጅም ጎዳና ከላይ እስከ ታች በእግሬ።

አንጀቴ ያረረው ግን በሚስቴ አይደለም። ልክ ስለሆነች ነው። ሐኪም ቤት ከኔ በኋላ የመጣው ቀድሞኝ ሲገባ ዝም። አለቃዬ ጀማል ማለት አቅቶት ስድስት ዓመት ጃሜል ሲለኝ ዝም። ጨዋ ነው ይሉኛል። ጨዋ። ለአሜሪካ ኦፕን ለመፎካከር ደፍሬ፣ አራት ነው የመታሁት ለማለት አልደፈርኩም።

ሐሙስ፣ ሜይ 16። ከምሽቱ 12፡00

ሚ/ር ዋ. ደወሉ። ስልኬን ከማውጫ ፈልገው። ኃላፊዋ ሰኞውኑ ነግራቸዋለች። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ሰባተኛው ላይ አምስት የመቱት ራሳቸው ናቸው፣ የራሳቸውን ነው የኔ ላይ የጻፉት። ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም አሉ። ለኮሚቴው ደብዳቤ ልጻፍ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሕጉ ሕግ ነው፣ ልመና አልፈልግም። በመጪው ኤፕሪል ፎርሙን እሞላለሁ አልኳቸው፣ በሚቀጥለውም፣ እስካልፍ።

ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ። ለምን አላየኸውም? እውነቱን ነገርኳቸው። ትልቅ ሰው ስለሆኑ፣ ፊትዎ ላይ መቁጠር ነውር መሰለኝ አልኩ።   ብታየው ኖሮ ሁለታችንም ሰኞ ማታ እንተኛ ነበር አሉ።

ተናደድኩ። እኔ አክብሬያቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። እሳቸውንም ጎዳኋቸው። ማክበሬ ማንን ጠቀመ? ተመልሼ ደወልኩ። ቅዳሜ የከተማው ሜዳ ይምጡ፣ ካርዴን እርስዎ ይያዙ አልኩ። እኔ ካርድ መያዝ ትቻለሁ አሉ። አይተዉም አልኩ። እንዲህ ብዬ ሽማግሌ አዝዤ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18። ከቀኑ 10፡00

ሚ/ር ዋ. መጡ፣ አብረውኝ ሊጫወቱ ዱላቸውን ይዘው። ጋሽ ተስፋይም ቦርሳዬን ይዘው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሙሉ ቀን ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩ ዋሉ፣ በማን እንግሊዝኛ እንደተግባቡ አላህ ይወቅ። ሚ/ር ዋ. እርሳሳቸውን እንደ እባብ ነው የሚይዙት። አንድ ምት በመታሁ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያዩኛል። ከአስራ ሁለተኛው በኋላ ግን ወሬው ጣማቸውና ረሱት።

ሲያልቅ ፓርኪንጉ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ካርዴን ዘረጉልኝ። አሁንም በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት፣ እጄ ሌላ አያውቅም። ከዚያ ጣቴን ካርዱ ላይ አኖርኩ።  አንደኛው፣ አራት። ሁለተኛው፣ አምስት። ጮክ ብዬ። ጋሽ ተስፋይ ወደ መኪናዎቹ ዞሩ፣ እሳቸውም እንደኔው በይሉኝታ ያደጉ ናቸውና ማየት ከበዳቸው።

አስራ አራተኛው ላይ አምስት ይላል። አራት ነው የመታሁት።

ጣቴ እዚያ ቆመ። ላልፈው እችል ነበር። ቅዳሜ ነው፣ ዋንጫ የለ፣ ማንም አይጠይቅ። አራት ነው የመታሁት አልኩ። ሚ/ር ዋ. መነጽራቸውን አወለቁ። አይ፣ አምስት ነው፣ አስታውሳለሁ አሉ።

አሳዘኑኝ። ልቤ ተዋቸው አለኝ፣ እንደ ሰኞው።  ግን አልተውኩም። የመጀመሪያው ምት በግራ አልኩ፣ ሁለተኛው ከአሸዋው ፊት ለፊት ቀረ፣ ሦስተኛው ግሪኑ ላይ፣ አራተኛው ገባ። አሸዋ ውስጥ አልገባሁም። አራት ነው ሚስተር ዋልተር፣ ያርሙት። 

ወደ ሜዳው ዞረው አዩ። አሸዋ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ አሉ ቀስ ብለው። እርሳሱን ገልብጠው አምስቱን አጠፉ፣ አራት ጻፉ። ካርዱን መለሱልኝ።

አስራ አምስተኛው አልኩ፣ ጣቴን ወደ ታች ዝቅ አድርጌ።