በጥያቄና በጥያቄ መካከል

ኅዳር 9
ዛሬ ገበያ ስለሆነ ግማሹ ክፍል ባዶ ነበር። የመጡት የአማርኛ መልመጃ ሠሩ... ሠሩ ከተባለ። ዛሂራ እንደተለመደው ስሟን ብቻ ጽፋ መለሰች። አምስተኛ ክፍል ናት። በቃል ስጠይቃት ሁሉንም ትመልሳለች። ወረቀት ስሰጣት ዝም።

ወረቀቱን እኔው ደግሜ አየሁት። ምንባቡ፣ ትእዛዙ፣ ጥያቄው፣ ምርጫው... ሁሉም አንድ ላይ ተፋፍጓል። ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ኮፒ ሲደረግ «በ» እና «ቡ» አይለዩም። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ገምቶ ያልፈዋል። እዚህ ፎንቆ ግን ልጆቹ ቤታቸው ሀዲይኛ ነው የሚያወሩት፤ ንባብ የጀመሩትም በላቲን ፊደል ነው። ከየት አምጥተው ይገምቱ?

ኅዳር 12
የዛሂራ አባት አቶ ዑመር መጡ። የእህል ነጋዴ ናቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው። የግማሽ ዓመቱን ፈተና ካላለፈች ሆሳዕና አክስቷ ሱቅ ሊያስገቧት ነው።
«ልጄን ጠልቼ አይደለም መምህርት» አሉኝ። «ካልገባት ግን ለምን በሰው ፊት ትዋረድ?»
ይገባታል አልኳቸው። ታዲያ ወረቀቷ ለምን ባዶ ይመጣል አሉ። 

ኅዳር 16
አዲስ መልመጃ ራሴ አዘጋጀሁ። አበባ፣ በገጹ ዙሪያ ክፈፍ፣ ሦስት ዓይነት ፊደል፣ ጥግ ላይ ቢራቢሮ... እንዴት ኮርቼበት ነበር!
ልጆቹ አበባውን ቀለም ቀቡት። ጥያቄውን የነካው የለም ማለት ይቻላል። ዛሂራ ቢራቢሮዋን በጣም አሳምራታለች።

ኅዳር 17
በክረምቱ ስልጠና ሆሳዕና ላይ አሰልጣኟ ያለችን ትዝ አለኝ። ገጹ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ዓይንን ይጠራል፤ ሁሉም በአንዴ ከተጣራ ልጁ ወዴት ይሂድ? ያኔ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ነገር የምታወራ መስሎኝ ነበር።

አበባው ወጣ። ቢራቢሮዋም። አንድ ዓይነት ፊደል፣ ተለቅ ያለ። ትእዛዙ ደመቅ ብሎ ለብቻው። ጥያቄውና መልስ መጻፊያው ተጠጋግተው፣ ከሚቀጥለው ጥያቄ ግን ራቅ ብለው። ምርጫዎቹ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር። ምንባቡ ስለ ውሃ ጉድጓድ ስለሆነ አንድ የጉድጓድ ሥዕል ብቻ፤ እሱም «አፋፍ» የሚለው ቃል እንዲገባቸው።

ኅዳር 21
ዛሂራ ሠራች። ሁሉንም አይደለም... ግን ሠራች።

ኅዳር 23
ጋሽ ዕንባቆም ቢሮ አስጠሩኝ። የአማርኛ ክፍል ተጠሪ ናቸው፤ ልጅ ሳለሁ እኔንም አስተምረውኛል። የድሮውን መልመጃ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። አልተቆጡም። ያ ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ ቀንሰሽ ነው የሠሩልሽ አሉ። አልቀነስኩም፣ በሁለት ገጽ አድርጌው ነው አልኩ። ሁለት ገጽ ለዚህ ሁሉ ተማሪ ከየት ይመጣል አሉ። ዳይሬክተሩ አቶ ተገኘም ነበሩ። የእሳቸው ጥያቄ ነው የወጋኝ፦
«ነገ ትልቁ ፈተና ተጣቦ ሲመጣባቸው ምን ሊሆኑ ነው?»
እውነት... ምን ሊሆኑ ነው?

በመጨረሻ ተስማማን። በግማሽ ዓመቱ ፈተና ግማሹ ክፍል በድሮው አቀራረብ፣ ግማሹ በእኔ ይፈተናል። ጥያቄው ያው። ለማን የትኛው እንደሚደርስ በዕጣ። ልዩነት ካልታየ ወደ ድሮው እመለሳለሁ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ዛሂራ ትዝ ያለችኝ በር ላይ ነው።

ታኅሣሥ 20
ልቤ አላርፍ አለ። የድሮው ቢደርሳትስ? አቶ ተገኘን ለምኜ ላስቀይርላት? ለእሷ ካስቀየርኩ ግን ያ ወረቀት ለሌላ ልጅ ሊደርስ ነው። ያቺስ የማን ልጅ ናት?
አልለምንም።

ጥር 18
ዛሬ ፈተናው ነበር፤ ዕጣው ወጣ። ዛሂራ የድሮው ደረሳት።

 ወረቀቱን አየችው፣ አየችው... እርሳሷን አስቀመጠች። አለቀ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ከጎኗ ካለችው ልጅ ማስመሪያ ተዋሰች። ከአንደኛው ጥያቄ ሥር አሰመረች። ከሁለተኛው ሥር። ትእዛዙን ከበበችው። ተደርድረው የተጣበቁትን ምርጫዎች በትንንሽ ጭረት ለያየቻቸው። ሌሎቹ መመለስ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ እሷ ገና ታሰምራለች። ሰዓቱ ሊያልቅባት ነው... ምን ልበላት? ፈታኝ ነኝ፣ መናገር አልችልም።

ጋሽ ዕንባቆም ሄደው ከጀርባዋ ቆሙ። ሊነጥቋት መሰለኝ።
«ምን እያደረግሽ ነው?»
ቀና አላለችም። «ለየጥያቄው ቦታ እያበጀሁ ነው» አለች።
ቆሙ፣ ቆሙ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዱ። እሷ መጻፍ ጀመረች።

ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ማን አስተማራት? ዓይኗ ነው እንግዲህ፣ የተመቸውን ለምዶ።

ጥር 22
የእኔ ወረቀት የደረሳቸው በለጡ፤ ያሰብኩትን ያህል ግን አይደለም። አቶ ተገኘ ልዩነቱ ይታያል አሉ፣ ከዚያ አላለፉም። ዛሂራ ለጥቂት አለፈች። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች አልደረሰችባቸውም።

አቶ ዑመር ወረቀቷን አገላብጠው አዩ። ይህን ሁሉ መስመር ያሰመረው ማን ነው አሉ። እሷ ናት አልኳቸው። ዓመቱን ትጨርስ አሉ። ዓመቱን ብቻ... ይሁን። ሰኔ ገና ነው።

የካቲት 3
ጋሽ ዕንባቆም ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ጋ ከጎኔ ተቀመጡ። ለአምስተኛ ክፍል በሙሉ አንድ መልመጃ አብረን እናዘጋጅ አሉ፣ ግን በአንድ ገጽ። ስለ ፈተናው አላነሱም።  አንዱ ጥያቄ መውጣት ነበረበት። የትኛው? ስንከራከር ቆየን። በመጨረሻ የራሳቸውን፣ እኔ ተማሪያቸው ሳለሁ የሠራሁትን ጥያቄ፣ በገዛ እጃቸው አጠፉት።

መሐሉ ክፍት ሆነ። ቶሎ ብዬ ከታች ያለውን ወደ ላይ ልስበው ስል እጄን ያዙኝ።
«ተዪው» አሉ። «ባዶ ይሁን።»